ዋስና ቁራኛ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በካምባ ገበያ፥ ቆጮና ገብስ ከሚሸጥበት ቦታ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንድ ክርክር ሰማሁ። ተከራካሪዎቹ ትምህርት የቀመሱ ሦስት ወጣቶችና አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ነገሩም ይህ ነው፤ አንድ ሰው ጎረቤቱን በዱላ ደብድቦ ክንዱን ሰብሮታል ተብሎ ተይዞ ነበር። ዳኛው ግን ዋስ አስጠርቶ ስለ ለቀቀው በሳምንቱ ከገበያው መካከል ታየ። የተደበደበው ሰው ክንድ በዚያን ጊዜ ገና በጨርቅ እንደ ታሰረ ነበር።

ከወጣቶቹ አንዱ፥ «እንግዲህ ሕግ የለም ማለት ነው። ሰው የደበደበ ሁሉ ፍርድ እስኪሰጠው ድረስ አንድ ቀን እንኳ መውጣት አይገባውም» አለ። ሁለተኛው፥ «ዋስ ማለት ገንዘብ ላለው ሰው የተሠራ በር ነው» አለ። ሦስተኛው ነገሩን ወደ ባሰ መንገድ ወሰደውና፥ «ዳኛ ቢለቀውም እኛ አንለቀውም» አለ።

ሽማግሌው ዝም ብለው ሲሰሙ ከቆዩ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ያ ሰው ሲመታ በዓይኑ ያየ ከእናንተ መካከል ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያው ወጣት፥ «እርስዎስ አባቴ፥ ያ ክንዱ የተሰበረው ሰው ዛሬ ማታ ቤቱ በሰላም እንዲያድር ዋስ የሚሆነው ማን ነው?» አላቸው። ሽማግሌውም በተራቸው ዝም አሉ።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ልረሳቸው አልቻልሁም። ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። አንደኛው የተከሳሹን መብት፥ ሁለተኛው የተበዳዩን ደኅንነት ይጠይቃል። በግፍና በኀይል ሥራ የተከሰሰ ሰው ዋስ ሊፈቀድለት ይገባል ወይስ አይገባም፥ ሕጉስ ይጥበቅ ወይስ እንዳለ ይቆይ እየተባለ በየጊዜው የሚነሣው ክርክር ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል የሚመላለስ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ወደ አንዱ ከማዘንበልህ በፊት አባቶቻችን በዚህ ነገር እንዴት እንደ ኖሩና ሕጋችን በየት በኩል አልፎ እዚህ እንደ ደረሰ ብንመለከት ይጠቅመናል።

በአገራችን የፍርድ ታሪክ ውስጥ ዋስ እጅግ የቆየ ነገር ነው። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ፥ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። ከዚያም በአጠገባቸው የሚያልፈውን መንገደኛ ዳኛ አድርገው ነገራቸውን ከዛፍ ጥላ ሥር ይጀምሩ ነበር። ነገሩ ከዚያ የማያልቅ ሲሆን እያንዳንዳቸው ዋስ ይጠራሉ። ዋሱ በቀጠሮው ቀን ሰውየው እንደሚቀርብ፥ ቢፈረድበትም የተፈረደበትን እንደሚፈጽም በራሱ ላይ የሚያስር ሰው ነው። ያ ሰው ቢጠፋ ዋሱ በንብረቱ፥ አንዳንድ ጊዜም በሰውነቱ ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው ጠባዩን ለማያውቀው ሰው ዋስ አይሆንም። ዋስ ማግኘት ራሱ፥ «ይህን ሰው እኛ እናውቀዋለን» የሚል የጎረቤት ምስክርነት ነበር።

ዋስ ያጣ ሰው ግን በቁራኛ ይያዛል። ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ፥ ወይም ባለዕዳና ባለገንዘብ፥ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተያይዘው፥ ወይም የልብሳቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ አብረው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ሥርዓት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች እንዲህ ተቆራኝተው በመንገድ የሚሄዱ ሰዎችን አይተው ተደንቀዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። ሥርዓቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆነው። ቃሉ ግን በአፋችን ቀርቶ፥ አንድን ሰው ሳንለይ ስንከታተለው «በዓይነ ቁራኛ ጠበቅነው» እንላለን።

ዛሬ ይህን ስንሰማ የሚያስቅ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ቁራኛ ሁለት ትምህርት አለበት። አንደኛ፥ ያልተፈረደበት ሰው በደለኛ አይባልም ነበር፤ የታሰረውም እንዳይጠፋ ነው እንጂ እንዲቀጣ አልነበረም። ሁለተኛ፥ ሰው ከስሶ ያሳሰረ ሁሉ የእስሩን ሸክም ራሱ ይካፈለው ነበር። ሰንሰለቱ ለተከሳሹ እንደ ከበደው ለከሳሹም ይከብደዋል። ስለዚህ ሁለቱም ነገራቸው ፈጥኖ እንዲቆረጥ ይመኙ ነበር። በዘመናችን ግን ከሳሽ ከቤቱ ሆኖ፥ ተከሳሽ ከእስር ቤት ሆኖ፥ ነገሩም ከመዝገብ ቤት ሆኖ፥ ሦስቱ ሳይገናኙ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ይሁንና አባቶቻችን የነፍስን ነገር ከዕዳ ነገር ጋር አልቀላቀሉትም። የነፍስ ገዳይ ጕዳይ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ይደርስ ነበር። የሞት ፍርድ የሚጸናውም በዚያ ነው። ከተፈረደ በኋላ ግን የሟች ዘመዶች ወይ ደማቸውን ይመልሳሉ፥ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምራሉ። ፍርድ ሳይሰጥ ደሙን በገዛ እጁ የሚመልስ ሰው ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ከቤት ወደ ቤት፥ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ አገር ያጠፋ ነበር።

በጋሞ ደጋም እንዲሁ የራሱ ሥርዓት ነበረ። ሕዝቡ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ሜዳ ተሰብስቦ፥ ሽማግሌዎች በተራ ተናግረው፥ ነገር የሚቆረጠው በግልጥ ነው። በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ ባለችው በኦቾሎ የሚደረገውን እንዲህ ያለ ሸንጎ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፎበታል። በጋሞ ወግ የተከለከለ ሥራ ጎሜ ይባላል። ጎሜ የሠራ ሰው በደሉ በራሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በልጁ፥ በከብቱና በአዝመራው ላይ ይደርሳል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ በሕዝብ ፊት ወጥቶ ማመንና መታረቅ ይገባዋል። ከዚህም የምንማረው አለ፤ በኀይል የተሠራ በደል የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአገሩ ሁሉ ቍስል ነው ተብሎ ይቈጠር ነበር።

አሁን ወደ ጽሑፉ ሕግ እንምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡን የፍርድ ሚኒስትር አደረጓቸው። በ1923 ዓ.ም. መቅጫ ሕግና የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጡ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፥ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ፥ በደለኛነቱ እስኪረጋገጥም ድረስ እንደ በደለኛ እንዳይቈጠር አዘዘ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በጥቅምት 1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ከስልሳ ዓመት በላይ የዋስ ነገር ሲመራ የኖረው በዚህ በ1954ቱ ሕግ ነው።

ይህ ሕግ ስለ ዋስ የሚናገረውን በቀላል ቃል ላስረዳ። በአንቀጽ 63 እንደ ተጻፈው፥ የተከሰሰበት ወንጀል ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ፥ የተጎዳውም ሰው ይሞታል ተብሎ የማያሰጋ ከሆነ፥ ተከሳሹ በዋስ ሊለቀቅ ይችላል። እዚህ ላይ አስተውል። ሕጉ የተጎዳውን ሰው አልረሳውም። በሐኪም ቤት ተኝቶ ሕይወቱ በሚያሰጋ ሰው ፊት መቺው በዋስ አይወጣም። ቀጥሎም አንቀጽ 67 ሦስት ሰዎችን ይለያል፤ የዋስትናውን ግዴታ ይፈጽማል ተብሎ የማይታመነውን፥ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ የሚያሰጋውን፥ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ የሚያሰጋውን። ለእነዚህ የተከሰሱበት ወንጀል ቀላል ቢሆንም ዋስ አይፈቀድም። ከተለቀቀ በኋላም አዲስ ነገር ቢገለጥ ዳኛው ጕዳዩን እንደ ገና አይቶ ሌላ ዋስ ሊጠይቅ ወይም ወደ እስር ሊመልሰው ይችላል። ዋስ የተከለከለውም ሰው በ20 ቀን ውስጥ ለበላይ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ይህንኑ ከፍ አድርጎ፥ የተያዙ ሰዎች በዋስ የመፈታት መብት አላቸው፤ በሕግ በተለዩ ጉዳዮች ግን ፍርድ ቤት ዋስትና ሊከለክል ወይም በቂ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል ይላል። የ48 ሰዓቱንም ሕግ ሲያጸና፥ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ከቍጥሩ አውጥቶታል። እንደ ካምባ ባለ ተራራማ አገር፥ ከሩቅ ቀበሌ በእግር ወርዶ መኪና ለሚጠብቅ ሰው፥ ይህች ትንሽ ሐረግ ምን ያህል እንደምትመዝን ያገሩ ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ ሕጉ ይህን የመሰለ ከሆነ፥ ይጥበቅ የሚሉት ሰዎች የሚሉት ከንቱ ነውን? አይደለም። እውነተኛ ምክንያት አላቸው። አንድ ምሳሌ ላሳይ።

በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ልጅን በኀይል ጠልፎ መውሰድ የሚያስቀጣው ከ3 ዓመት የማይበልጥ እስራት ነበር። ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ቢያገባት ክሱ ይቀር ነበር። ይህ እንዴት ያለ ውጤት እንዳስከተለ መገመት አያዳግትም። ቅጣቱ ቀላል ስለ ሆነ ጠላፊው በዋስ ለመውጣት አይቸገርም። ከወጣ በኋላ የሚመለሰው ወደዚያው ቀበሌ፥ ወደ ልጅቱ ወላጆች ጎረቤትነት ነው። ሽማግሌ ይልካል፤ ወላጆች ይለመናሉ፤ ይፈራሉም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የበደሏን ነገር የምትናገረው ልጅ ሚስት ተብላ ዝም ትላለች። እዚህ ላይ ዋስ ራሱ በደሉን ለመፈጸም መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን አስተካክሎ የጠለፋን ቅጣት ከ3 እስከ 10 ዓመት አደረገው፤ ጋብቻውም ክሱን እንዳያስቀር ደነገገ። የአስገድዶ መድፈርም ቅጣት ከፍ አለ። ይህ የተገኘው ደፍረው በጮኹ ሴቶችና በሕግ ባለሙያዎች ድካም ነው። ስለዚህ አጥብቁ ብሎ የሚጮኽ ሁሉ ጨካኝ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ማንም ያልሰማው ተበዳይ ነው።

ነገር ግን ይህንኑ ታሪክ በሌላ ወገን ገልብጠህ ተመልከተው። በ1989 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ የ14 ዓመት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትታገልም በጠላፊዋ ጠመንጃ ጠላፊዋን ገደለችው። በሕጉ መዝገብ የተጻፈችው እንደ ነፍስ ገዳይ ሆና ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆሞላት፥ ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑን አምኖ በነጻ አሰናበታት። እንግዲህ «በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ሁሉ ከቶ አይለቀቅ» የሚል ሕግ በጭፍን ቢሠራ፥ ይህችን የመሰለች ልጅም ከጨካኙ ጋር በአንድ ደጅ እንድትዘጋ ያደርጋል። የክሱ ስም አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ስሙን ከሰው ለይቶ የሚያይ ዓይን የዳኛ ዓይን ብቻ ነው።

ሕግ በቍጣ ወይም ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሲጠብቅ ምን እንደሚሆንም የቅርብ ታሪካችን ያስተምረናል። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተከሳሹ ግን ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ወዲያው እንደ ገና ተያዙ። በዚያው ሰሞንም በሙስና ወንጀል የተያዘ ሰው ዋስ እንዳይፈቀድለት የሚያዝዝ ዐዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣ። ስዬ አብርሃ ከእስር የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነው። ይህም ፍጹም ክልከላ ብዙ ሳይቆይ፥ በ1997 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 434 ተለውጦ፥ ከ10 ዓመት የማይበልጥ ቅጣት ላለበት የሙስና ክስ ዋስ ሊፈቀድ ይችላል ተባለ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ያን ጊዜ ዋስ የፈቀዱት ዳኛ በኋላ ወደ ፖለቲካ ገቡ። በ1998 ዓ.ም. ከቅንጅት መሪዎች ጋር ተይዘው ሲከሰሱ፥ የቀረበባቸው ክስ ዋስ የማያሰጥ ስለ ሆነ እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ በእስር ቆዩ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ይህን የምጽፈው የማንንም የፖለቲካ መንገድ ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። ለወጣት አንባቢ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ለጠላትህ የምታጠብቀው በር ነገ በአንተ፥ በወንድምህ ወይም ደግ ሥራ በሠራ ዳኛ ላይ ይዘጋ ይሆናል። ሥልጣን ዞሮ የሚመጣ ነገር ስለ ሆነ፥ የሕግን በር የሚሠራ ሰው ራሱ በውስጡ የሚያልፍበት መስሎት ይሥራው።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1275 በወጣው የዌስትሚንስተር ሕግ ዋስ የሚያሰጡና የማያሰጡ ወንጀሎች ተለይተው ተጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1689 ደግሞ ከመጠን ያለፈ የዋስ ገንዘብ እንዳይጠየቅ ታወጀ፤ ዳኛው «ፈቅጃለሁ» ብሎ ሰውየው ሊከፍለው የማይችለውን ገንዘብ ቢጠይቅ መከልከል ነውና። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ፥ ቀድሞ በነፍስ ግድያ ወይም በአስገድዶ መድፈር የተፈረደበት ሰው እንደ ገና በእንዲህ ያለ ወንጀል ቢከሰስ ዋስ ፈጽሞ እንዳይሰጠው ተከለከለ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ሕጉ ተሻሽሎ ለዳኛው ጠባብ በር ተከፈተለት። እ.ኤ.አ. በ2000 ነገሩ በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሲታይ፥ የቀድሞው ክልከላ የተከሳሹን መብት የነካ መሆኑን የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ አመነ። ሰባት መቶ ዓመት በዚህ ነገር ያሰበ አገር እንኳ የዳኛውን ዓይን ጨርሶ በሸፈነ ጊዜ ተሳሳትሁ ብሎ ተመልሷል።

አሁን ወደ ካምባ ገበያ፥ ወደ ሦስተኛው ወጣት ቃል እመለሳለሁ፤ «ዳኛ ቢለቀውም እኛ አንለቀውም» ያለው ነው። ከሦስቱ ሁሉ የሚያስፈራው ይህ ቃል ነው። ምክንያቱም የተከሳሽን ነገር ከዳኛ እጅ አውጥቶ ለሕዝብ ቍጣ ይሰጠዋል።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግድያና መፈናቀል ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተጎዱ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። ሊመቱት ያሰቡት ሰው ግን ቡራዩ ላይ የገደለውን አልነበረም፤ በዚያው በአርባ ምንጭ በሰላም የሚኖረውን፥ በደለኞቹ ከወጡበት ሕዝብ የተወለደውን ጎረቤታቸውን ነበር። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲለምን አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹም ተመለሱ፤ ከተማውም ከደም ዳነ። ይህ ሥራ በመላ ኢትዮጵያ ተሰምቶ ብዙ ሰው አስለቅሷል።

እነዚያ ሽማግሌዎች በደለኛው አይቀጣ አላሉም። ያሉት፥ በደለኛው ሳይለይ፥ በደሉም ሳይመዘን እጅ አይነሣ ነው። ይህም የዋስ ሕግ ከሚናገረው ጋር አንድ ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያሉት ስለዚህ ነው። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ግን የአንድ ቀን ስንቅ ናት። ሆኖም ያለ ፍርድ የተወሰደ ትንሽ ነገር በፍርድ ከተወሰደ ትልቅ ነገር ይልቅ ልብን ያቈስላል። ያለ ፍርድ የተወሰደ የአንድ ሰው ዓመት ደግሞ ምን ያህል ያቈስል ይሆን?

ይሁን እንጂ በሽማግሌ ሥራ የሚመካ ሰው ሌላውንም ወገን ይወቅ። እርቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ለተደፈረች ልጅ አፍ መዝጊያ፥ ለጉልበተኛ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። ሣር ይዞ ቍጣን ማብረድ ቅዱስ ሥራ ነው፤ ሣር ይዞ ምስክርን ከፍርድ ቤት ማስቀረት ግን ያንኑ ሣር ማርከስ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንይዛለን? በእኔ አሳብ፥ የዋስ ሕግ መጥበቅ ያለበት ቦታ አለ፤ የሚጠብቀው ግን በወንጀሉ ስም ላይ ሳይሆን በጥያቄው ላይ ነው። ዳኛው በእያንዳንዱ የኀይል ወንጀል ሦስቱን ነገር ሳይመረምር እንዳያልፍ መገደድ አለበት፤ ይህ ሰው ይጠፋልን? ተመልሶ ይጎዳልን? ምስክሩን ያስፈራራልን? ይህንንም ሲመረምር ፖሊስንና ተከሳሹን ብቻ ሳይሆን የተጎዳውን ሰው ይስማ። ከሩቅ ደጋ ቀበሌ መጥቶ ፍርድ ቤት ደጃፍ የቆመው ተበዳይ፥ የመታው ሰው መፈታቱን ከገበያ ወሬ ሊሰማ አይገባውም። ከተለቀቀም ወደ ተበዳዩ ቤት እንዳይቀርብ፥ በየጊዜው ለፖሊስ እንዲታይ ሊታዘዝ ይገባዋል። በ2003 ዓ.ም. የምስክሮችን ጥበቃ የሚመለከት ዐዋጅ ቁጥር 699 ወጥቷል። ይህን የመሰለ ጥበቃ በትልቅ ከተማ ብቻ የሚሰማ ሳይሆን እስከ ቀበሌ የሚወርድ ሲሆን ነው ሕጉ ሕግ የሚሆነው።

ሁለተኛ፥ የዋስ ገንዘብ እንደ ሰውየው አቅም ይመዘን። ለነጋዴ ቀላል የሆነው ብር ለሸማኔ ወይም እንሰት ተክሎ ለሚያድር ገበሬ የማይወጣ ተራራ ነው። የሁለተኛው ወጣት ቃል፥ «ዋስ ለባለጠጋ የተሠራ በር ነው» ያለው፥ ሐሰት ሆኖ እንዲቀር ማድረግ የዳኞች ፈንታ ነው። በድሮው ዋስ የሚመዘነው የሰው መታመን እንጂ ብሩ ብቻ አልነበረም።

ሦስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፥ ፍርድ ይፍጠን። ፍርድ በሦስት ወር የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ፥ ተከሳሽ ታስሮ ቢቆይ ግፉ ትንሽ፥ ተፈትቶ ቢቆይም ስጋቱ ትንሽ በሆነ ነበር። ነገሩ ዓመታት ሲፈጅ ግን ያው አንድ ሕግ ሁለቱንም ይበድላል፤ ንጹሑን በእስር ያስረጀዋል፥ ተበዳዩንም በፍርሃት ያስረጀዋል። በቁራኛ ዘመን ከሳሽም ተከሳሽም ሰንሰለቱ ስለ ከበዳቸው ፍርድ ይሹ ነበር ብዬ ነበር። ዛሬ ያ ሰንሰለት የሚከብደው ለዳኛው፥ ለዐቃቤ ሕጉና ለፖሊሱ ኅሊና ይሁን።

ወጣቶች ሆይ፥ እናንተም በዚህ ነገር ውስጥ ሥራ አላችሁ። ዋስ ሁኑ ተብላችሁ ስትጠሩ፥ ለወዳጅነት ብላችሁ ለማታውቁት ጠባይ አትዋሱ። ሰውየው ንጹሕ ይመስላችሁ እንደ ሆነ ግን ፈርታችሁ አትሽሹ። ምስክር ሁኑ ስትባሉ ያያችሁትን ተናገሩ፥ ያላያችሁትን አትጨምሩ። በዋስ የወጣ ሰው ሲያስፈራራ ብታዩ ዱላ አታንሡ፤ ለፍርድ ቤት አመልክቱ፤ ሕጉ መልሶ ሊይዘው ሥልጣን አለው። ሕዝብ ተቈጥቶ ሲሮጥ ብታዩ ደግሞ የሽማግሌውን ጥያቄ ጠይቁ፤ «ያየ ማን ነው?» በሉ። ጠይቃችሁም ዝም አትበሉ፤ የወጣቱን ጥያቄ ጨምሩበት፤ «የተሰበረው ሰው ዛሬ ማታ በሰላም እንዲያድር ማን ይዋሰዋል?» በሉ።

በዚያ ቀን በካምባ ገበያ ሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አጥተው ቀሩ። ገበያው ተፈታ፥ ሽማግሌውም ወጣቶቹም ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔ ግን ቆይቼ እንዳሰብሁት፥ ዋስ ማለት ለአንዱ ብቻ የሚቆም አይደለም። እውነተኛ ዋስ ተከሳሹ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ፥ ተበዳዩም እስከዚያ ድረስ በሰላም እንዲያድር ለሁለቱም የሚቆም ነው። ሕጋችን እንዲህ ያለ ዋስ የሚሆንልን፥ እኛም እርስ በርሳችን እንዲህ ያለ ዋስ ስንሆን ነው።